ያላደስኩት ብሮውዘር

መርሳ ከተማ በአንድ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ስሠራ የደረሰብኝን ላውጋችሁ። ቤተሰቦቿ ያለዕድሜዋ ሊድሯት ሲሉ ያመለጠች አንዲት ልጅ ሲሪንቃ ቀበሌ አክስቷ ቤት መደበቋን የሚገልጽ ደብዳቤ ኢሜይሌ ላይ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት "ኢሜይልዎ ትናንት ጠዋት ከሌላ ቦታ ተከፍቷል" የሚል መልእክት ጠበቀኝ።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ሰይድ መጥቶ አየው። "ይሄን ኢንተርኔት የምትከፍቺበትን ብሮውዘር አድሺው ስልሽ ከርሜያለሁ" አለኝ። "ሰርጎ ገቦች የሚያልፉበት ቀዳዳው ከታወቀ ቆይቷል። ሌላው ሰው ደፍኖታል፤ አንቺ ክፍቱን ትተሽዋል። በዚያ ሳይገቡ አይቀሩም።"

"ታዲያ ቀዳዳ የሌለው የትኛው ነው?"

"አንድም የለም። የሚሻለው ቶሎ የሚደፍነው ነው፤ እሱም ካደሱት።"

እሱ ሌላ ብሮውዘር ሲጭንልኝ እኔ ወጥቼ ለአክስቷ ለእትዬ ዘሀራ ደወልኩና የሆነውን ነገርኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ግን ልጄ፣ ትናንት ከሰዓት አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ ስሟን ጠርቶ ጠየቀኝ። እዚህ የለችም ብዬ መለስኩት።"

ልጅቷን በዚያው ሰዓት ሄጄ አወጣኋትና ወልድያ ወዳለ መጠለያ ወሰድኳት። ሰውየው ከኢሜይሌ ይወቅ፣ ከሰው ይስማ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚኒባስ ውስጥ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ "የት እንዳለሁ ማን ነገራቸው?" አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።