ለቤቱ ብላ ያገባችው ልጅ

ፊደል እቆጥራለሁ እንጂ ወፍራም መጽሐፍ አልገፋም። ከሰፈር ሴቶች ጋር ማሾ ስንለቅም የምታነብልን ጎረቤቴ ዘሃራ ናት። የዚያን ቀን የያዘችው የእንግሊዞች የድሮ ታሪክ ነው፤ ወሬው ሁሉ ፍቅርና ጋብቻ። አንዲት ልጅ ሰውየውን ሳትወደው፣ ቤት ስላለው ብቻ አገባችው። ሴቶቹ ሳቁባት። እኔ ልጄን እያጠባሁ፣ «ምን አጠፋች? አይጠጣ፣ አይማታ፣ ቤት አለው። ፍቅር እንደሆን ከዚህ ከሮቢት ፀሐይ አያስጥል» አልኩ። ዘሃራ፣ «በሉ፣ ልጅቷ ጠበቃ አገኘች» ብላ ሳቀችብኝ።

ለካ ባሌ ደጅ ባጃጁን እያጠበ ያዳምጠኝ ነበር። ሴቶቹ ሲሄዱ ገባና፣ «እኔንም ያገባሽኝ ለቤቱ ነው?» አለኝ። ልዋሽ አሰብኩ፤ ፊቱን ሳየው አልሆነልኝም።

«ያኔ አዎ። እናቴ ቤት አለው፣ እሺ በይ አለችኝ፤ እሺ አልኩ።»

ልጁን ከጭኔ ላይ አነሳው። «አሁንስ?»

«አሁንማ ገጠር ሰው ጭነህ ስትዘገይ እህል አይወርድልኝም። ስልክህ እምቢ ካለኝ ይሄንን ልጅ አዝዬ አስፋልት ድረስ እወጣለሁ። ቤቱማ የትም አይሄድ፤ ለእሱ ብዬ አይደለም የምወጣው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

ከዚያ ወዲህ ሊመሽበት ሲል ቀድሞ ይደውላል። የሚለውም «መጣሁ፣ አትውጪ» ብቻ ነው። እኔ ግን አሁንም እወጣለሁ።