ትንበያ ሰምተው የዘሩት በቆሎ

ከሶዶ ወደ ተበላ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን አስተማሪ ጠየቁት።

"መምህር፣ ትንበያ ማለት ምንድነው?"

"የሚመጣውን አስቀድሞ መናገር ነው፣ እማማ። ነቢይ ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው።"

"ወይኔ! እኔ እኮ የሬዲዮውን የዝናብ ትንበያ ሰምቼ በቆሎዬን በደረቁ ዘራሁ። የጸሎት እህቶቼ ‘ሐሰተኛ ነቢይ ተከተልሽ’ አሉኝ።"

"ኧረ እማማ! የሬዲዮው ሰውዬ ‘ጌታ ተናገረኝ’ መች አለ? ደመናና ነፋስ አይቶ ‘ሳይዘንብ አይቀርም’ ነው ያለው።"

"ደመና አይቶማ ባለቤቴም ይናገራል!"

"በቃ፣ እሱ ነው።"

"ንስሐ መግባት የለብኝም?"

"በቆሎ ስለዘሩ? የለብዎትም!"

"ተመስገን! አፍሬ እስካሁን ስለ ዝናቡ አልጸለይኩም ነበር፤ ዛሬ እጸልያለሁ።"

ልብሴን አጥቤ ደጅ አስጥቼ የወጣሁት እኔ እንኳ፣ በሆዴ አሜን አልኩ።