ባለ አራት ፎቅ አይብ

ሐሙስ ከሰዓት፣ ሆለታ ዳር ባለች ትንሽ የአይብ ማምረቻ ውስጥ፤ እሁድ የምትሞሸረው አይብ ሠሪዋ ርብቃና የሙሽራው እናት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ በመካከላቸው እንደ ኬክ ፎቅ በፎቅ የተደረደረ የአይብ ቁልል።

ደብሪቱ፦ አልኩሽ እኮ! ሰርግ ላይ የሚቆረሰው ኬክ ነው። ድግሱ ሰርግ ነው እንጂ የክትፎ ቤት ምርቃት አይደለም።

ርብቃ፦ ይኼም ይቆረሳል፣ እማማ። ቢላዋ አይመርጥም።

ደብሪቱ፦ ሰው ይመርጣል! አራት መቶ እንግዳ ጠርቼ፣ ልጄና ሚስቱ ቪዲዮ ፊት አይብ ሲጎራረሱ? ጎመኑንስ ማን ይያዘው፣ ሚዜዎቹ?

ርብቃ፦ እነሱ ጎመኑን ከያዙ እኔ ቆጮውን እይዛለሁ። ቬሎው እንደሆን ሰፊ ነው።

ደብሪቱ፦ ቀልጂ አንቺ! ኬኩን አዝዤዋለሁ፤ አለቀ። ሰባት ፎቅ፣ ከነፏፏቴው።

ርብቃ፦ ስንቱ ፎቅ ይበላል?

ደብሪቱ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ርብቃ፦ ስንቱ ኬክ ነው፣ ስንቱ ካርቶን?

ደብሪቱ፦ ላይኛው… ኬክ ነው።

ርብቃ፦ ስድስቱስ?

ደብሪቱ፦ ስድስቱ ለዓይን ነው! አገሩ በሙሉ እንዲሁ አይደል እንዴ የሚያደርገው?

ርብቃ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ ስትዳር አልነበርንም እንዴ? ሙሽራው ሦስተኛውን ፎቅ እቆርሳለሁ ብሎ ቢላዋው ካርቶኑ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ሁለት ሚዜ ኬኩን አቅፎ አንዱ ሲጎትት?

ደብሪቱ፦ ልጁ ድሮም ጅል ነው። የተነገረውን ፎቅ መቁረስ ነበረበት።

ርብቃ፦ እዚህ የፈለጉት ፎቅ ይቆረሳል። ታችኛው ዓመት ከሁለት ወር መደርደሪያ ላይ የኖረ ነው። በየቀኑ እያገላበጥኩ፣ በጨው ውሃ እያሸሁ። ልጅዎን እንኳ እንደሱ አልተንከባከብኩትም።

ደብሪቱ፦ ያስታውቃል፤ ከስቷል።

ርብቃ፦ አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ነው የተባለው። እውነቱን ይንገሩኝ፣ አይቡ ምን አደረገዎት?

ደብሪቱ፦ አይቡ ምን ያደርገኛል? ሰው ግን «ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቃል።

ርብቃ፦ «ሙሽሪት» ነዋ።

ደብሪቱ፦ እኮ! ለዘመዱ ሁሉ ባንክ ነው የምትሠራው ብያለሁ።

ርብቃ፦ ባንክ?

ደብሪቱ፦ ሥራ አስኪያጅ።

ርብቃ፦ እልል በሉ! እኔ ባንክን የማውቀው በሰልፉ በኩል ነው። ቅርንጫፌስ የት ነው? ሲጠይቁኝ እንዳልሳሳት።

ደብሪቱ፦ ቦሌ። ለጊዜው ፈቃድ ላይ ነኝ ትያለሽ፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ይኼን ሥራ ትተይዋለሽ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።

ርብቃ፦ ስንቅማ የሚቀለው ስለሚበላ ነው፤ እዚህ ተበይዋ እኔ ነኝ! ይስሙኝ፣ እማማ። ሙሽራም ከካርቶን የሚያሠሩ ከሆነ ያሠሩ፤ ቬሎውን አውሳታለሁ። እኔ ግን ሥራዬን ደብቄ አልዳርም። ይኼ ቁልል እሁድ አዳራሹ ካልገባ እኔም አልገባም። ለዳግማዊም ጠዋት ነግሬዋለሁ።

ደብሪቱ፦ ልጄስ ምን አለ?

ርብቃ፦ «ለአንቺም ለአይቡም የምትበቃ መኪና ልፈልግ» አለ።

ደብሪቱ፦ ወይ ጉዴ! አሳድጌ አሳድጌ ለአይብ ዳርኩት በይኛ!

ርብቃ፦ ቢያንስ ቀምሰው ይስደቡት። እቺ ላይኛዋ ለጋ ናት፤ ኮሰረት ጣል አድርጌባታለሁ።

ደብሪቱ፦ እስቲ… ይኼ ነው ጣል? ገልብጠሽበት ነው እንጂ! ኮሰረት በሁለት ጣት ነው፣ እሱም አይቡ ከተጨመቀ በኋላ። ደግሞ ውሃው መቼ ወጣና? በጨርቅ ቋጥረሽ አንጠልጥለሽ አታሳድሪውም? እሁድ መብራቱ ሲያርፍበት ያለቅሳል እኮ!

ርብቃ፦ ይቆዩ እስቲ፣ እማማ!

ደብሪቱ፦ ምን ያስፈጥጥሻል?

ርብቃ፦ «በሞግዚት ያደግኩ የባለርስት ልጅ ነኝ» አላሉኝም ነበር?

ደብሪቱ፦ ብያለሁ።

ርብቃ፦ ታዲያ ሞግዚቷ ናት አይብ ያስተማረችዎት?

ደብሪቱ፦ …እናቴ ናት። ፍቼ ገበያ፣ ቅቤና አይብ ተሸክማ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ክፍል ውስጥ ልጆቹ «ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ» እያሉ ሲያባርሩኝ፣ ስድስት ዓመት የኋላ ወንበር ላይ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ይኼን ዳግማዊም አያውቅም።

ርብቃ፦ እኔ ደግሞ እሁድ ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው። እየሸተትኩ።

ደብሪቱ፦ ነገረኛ!

ርብቃ፦ የአዳራሹ ሰዎች አይቡ ይግባ አይግባ መልስ እየጠበቁ ነው። ምን ልበላቸው?

ደብሪቱ፦ አሬራ አለሽ?

ርብቃ፦ ሞልቷል። ለምን?

ደብሪቱ፦ ይኼን አልቃሻ ከላይ አውርጂና እጄን የምታጠብበት ውሃ አምጪልኝ። በልጄ ሰርግ ላይማ ባለሙያ የሠራው አይብ ነው አናት ላይ የሚወጣው!