ሳያይ የጻፋት አበባ

የመቱ አባቶችና እናቶች፣ የተከበራችሁ ካህናት፣ በዚህ ዝናብ ከጎሬና ከቡሬ ጭቃ ረግጣችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ የትምህርት ቤታችን ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከሁሉ በፊት፣ ባለቤቱ እትዬ በየነች፣ እግዜር ያጽናዎት።

ይህን ሰው እናንተ «መምህር» ትሉታላችሁ። እኔ ግን ሰቦቃ ነው የምለው። አብሮ አደጌ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል። «ሶር» የተባለችውን የዕፅዋት መጽሔት ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አብረን አዘጋጅተናል፤ በእሷ ሰበብ ስንጣላና ስንታረቅ ኖረናል። ዛሬ እሱ ዝም ብሎ እኔ ብቻዬን እናገራለሁ። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

ከጎኔ የቆመው የሁሩሙው ማር ቆራጭ ኩመራ ነው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ሰቦቃ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ሳያይ የማይጽፍ ሰው ነበር። አንድን ተክል በቆመበት ሄዶ ካላየው፣ ቅጠሉን ካልዳበሰ፣ አበባውን ካላሸተተ ብዕር አያነሣም። «ሰው ልኮልናል፣ ደርቆም ቢሆን መጥቷል፣ ጻፈውና እንገላገል» ስለው ይቆጣኝ ነበር። ሬሳ አይቼ የሰውየው መልክ እንዲህ ነበር አልልም ይለኛል።

በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ መጽሔቷን ራሷን ይመረምራታል። ማን ጻፈ? የት ሄዶ ጻፈ? ስለ ምን ተክል ጻፈ? በውጭ አገር መጽሔቶችስ ማን ጠቀሰን? አንድ ዓመት መምህራን ክፍል ውስጥ የኢሉባቦርን ካርታ ዘረጋና ተክሎቻችን የተለቀሙበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ቀለም ነካ ነካ አደረገው። ብናይ ነጠብጣቡ ሁሉ የመኪናውን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። ከመቱ ጎሬ፣ ከጎሬ ቡሬ። ጫካው ባዶ ነው። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። የሚጽፈው ሰው እየበዛ፣ አዲስ የሚያገኘው እየቀነሰ፣ የታወቀውን ተክል መልሶ መላልሶ መጻፍ ልማድ እየሆነ መምጣቱን አሳየን። ሁላችንም በመኪና መስኮት ነው የምናየው አለን። ደነገጥን ወይ? ኧረ የት! ሻያችንን ጠጥተን ወደ ክፍላችን ሄድን።

ወረቀትና ቀለም የሚልክልን አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ ነበር። የዚያ ቢሮ ጥያቄ ሌላ ነበር። ዘንድሮ ስንት አዲስ ተክል አወጣችሁ? ስንት የውጭ ሊቅ መጽሔታችሁን ጠቀሰ? መልሱ ካነሰ ወረቀቱ ይቆማል፤ ወረቀቱ ከቆመ መጽሔቷ ትሞታለች። በዚያ ዓመት ደግሞ አዲስ የምንለው ተክል አንድም አልነበረንም።

ኩመራ የመጣው ያኔ ነው። እንደ ዛሬው ክረምት ነበር። ቀፎውን ሊያይ ጫካ ገብቶ የማያውቃትን ሐረግ አገኘ፤ ለመምህር ብሎ ቆረጠ። ዝናቡ መንገድ ስለከለከለው፣ እንዳትበሰብስበት ከምድጃው በላይ ሰቅሎ አቆያት። ከዚያ ይዟት መጣና «ኩኖ፣ መምህር፣ ይኸው» አለው። ቅጠሏ ልዩ ነበር። አበባዋም ልዩ፣ ቡናማ። ሰቦቃ አሁኑኑ ወስደህ አሳየኝ አለው። ወደ ጫካው የሚያሻግረው ወንዝ ግን ሞልቷል፤ የሚሻገር የለም። ለዚያ ቢሮ መልሳችንን የሚወስደው የፖስታ መኪና ደግሞ በማግሥቱ ይነሣል።

ሳያይ የማይጽፈው ሰው ያን ቀን ሳያይ ጻፈ። አበባዋ ቡናማ ነው ብሎ ጻፈ። በላቲንም «ቡናማዋ» ብሎ ስም አወጣላት። ለዝና ብሎ ነው? ሰቦቃና ዝና አይተዋወቁም። መጽሔቷ እንዳትሞት ብሎ ነው።

ወንዙ ሲጎድል አበባዋ ረግፎ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ሁለቱ እንደ ምንም ተሻግረው ደረሱ። ሐረጓ ዛፉን ለብሳ አብባለች። ነጭ። እንደ ፈንዲሻ ነጭ። ሰቦቃ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ኩመራ አመመው እንዴ ብሎ እጁን ያዘው። ያኔ ነው የተናገረው።

«ኩመራ፣ እኔኮ የጻፍኩት ስለ ጢስ ነው።»

ታዲያ አያርመውም ወይ ትሉ ይሆናል። ስሟን መለወጥ አይቻልም። በዕፅዋት ስም አወጣጥ ሕግ መልኳን ባይመስልም እንኳ ቀድሞ የታተመው ስም ይጸናል። የቀረው እርማት መጻፍ ነበርና ግማሽ ገጽ ጻፈ። አበባዋ ነጭ ነው፣ ስሕተቱም የእኔ ነው አለ። ኩመራን አላነሣም። ምድጃውን እንኳ አልወቀሰም።

ከዚያ በየታኅሣሡ መጠበቅ ያዘ። ማን ጠቀሰ? የመጀመሪያዋን ጽሑፍማ ሁሉም ጠቀሳት። ከአውሮፓም፣ ከህንድም፣ ከኬንያም። «ሶር» ካወጣችው ሁሉ እንደዚያች ጽሑፍ ስሟ የተነሣ የለም። ሁሉም ቡናማ አበባ፣ ቡናማ አበባ ይላል። እርማቷንስ? አንድም ሰው አልጠቀሳትም።

ቢሮው ደስ አለው። ወረቀቱ ቀጠለ፤ መጽሔቷም ተረፈች። እኛ ሞኞቹ በግ አርደን ደገስን። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። እትዬ በየነች፣ ያስታውሱ የለ? እኛ ስናጨበጭብለት እሱ ምግቡን ሳይነካ ብድግ ብሎ ወጣ። ተከትዬው ደጅ ወጣሁ።

«አራርሳ» አለኝ፣ «አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ያችን ግማሽ ገጽ ባነበበልኝ።»

የፈለገው ይኼው ነበር፤ ሹመት አልጠየቀ፣ ሽልማት አልጠየቀ። ከታመመ ወዲህ እንኳ ገና ከበሩ ስገባ ፖስታ መጣ ወይ፣ ጠቀሷት ወይ ይለኛል። አልጠቀሷትም ሰቦቃ። ልዋሽህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተን እንዴት ብዬ? ይኸውና ያንገበግበኛል። ስንት ሰው ጠቀሰን እያልን ስንቆጥር ኖረን፣ አንተ የፈለግኸውን አንዱን ሰው ሳናገኝልህ ሄድህ።

ትናንት መርዶው ሁሩሙ ደረሰ። ኩመራ ሲሰማ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ወደ ለቅሶው አልመጣም። ጫካ ገባ። ልብሱን እዩት፣ እስከ ደረቱ ርሷል። ያ ወንዝ ዛሬም ሞልቷል። ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰልን፤ የያዛትንም በእሳት አጠገብ አላሳለፋትም።

ኩመራ፣ ቅጠሉን ፍታው። ከፍ አድርገህ ያዛት፤ ከኋላ ያሉትም ይዩ።

እናቶች፣ ታያላችሁ? አባቶች፣ ታያላችሁ? ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ቀረብ በሉ፤ ደህና አድርጋችሁ እዩ። ከእናንተ መካከል ነገ ብዕር የሚያነሣ ይኖራል። ስለዚህች ሐረግ ከጻፈ ያችን ግማሽ ገጽ ይጥቀስ። አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ።

ሰቦቃ፣ ወንድሜ። መንገድ ስንወጣ ሁልጊዜ ቀድመኸን ጭቃ ትገባ ነበር፤ ዛሬም ቀደምኸን። የክረምት አፈር ከባድ ነው፤ ላንተ ይቅለልህ። ውጭ ያለው ሰው እስኪያነብልህ እንግዲህ እኛ አለን። መቱ ቆማ በዓይኗ አይታለች። አበባዋ ነጭ ነው።

ታርሟል፤ ደህና ሁን።