ጭነት ሳያልቅ ውሃ የለም

የትምህርት ቤታችንን አዳዲስ ዴስኮች ላስጭን ወደ አንድ መጋዘን ጎራ ባልኩበት ቀን ያየሁት ነገር እስካሁን ያናድደኛል። በሩ አጠገብ አንድ ወጣት ጫኝ ግድግዳ ተደግፎ ያስመልሰዋል። አባቱ፣ የጫኞቹ አለቃ፣ ግንባሩን በሻሽ ጥብቅ አድርገው ያስሩለታል። ነርስ የሆነች የአለቃው የወንድም ልጅ ከሥራ ስትመለስ ሰላም ልትላቸው ገብታ ኖሮ ይህን ስታይ ጮኸች።

«አጎቴ፣ ይፍቱት!»

«ራስ ምታት ነው፤ ከባድ ያነሳ ሁሉ ያመዋል። እኔ ስንት ዓመት ችዬው ኖርኩ፣ ሞትኩ?»

«ውሃስ ጠጥቷል?»

«ጭነት ሳያልቅ ውሃ የለም፤ ጉልበት ያላላል። ዕቃ ስታነሺም ትንፋሽሽን መያዝ ነው፤ ካወጣሽው አቅምሽ አብሮ ይወጣል። እኛ የለመድነው ይህንን ነው።»

ደሜ ፈላ። በዚያ የጋለ ቆርቆሮ ስር ሰውን ውሃ ከልክሎ ማሠራት ጀግንነት ሆኖ ተቆጠረ!

ነርሷ ወደ ወጣቱ ዞረች። «እንዴት ጀመረህ?»

«ዴስኩን ብድግ ሳደርግ በመዶሻ የተመታሁ መሰለኝ። እንዲህ አሞኝ አያውቅም። አንገቴም አልታዘዝ አለኝ።»

«ሰሙ፣ አጎቴ? የእርስዎ ሲያነሱ መጥቶ ሲያርፉ የሚተው ነው፤ እሱንም ሐኪም ሊያየው ይገባ ነበር። የእሱ ግን በድንገት ነው የጣለው፤ ያስመልሰዋል፣ አንገቱም ደርቋል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ ሆስፒታል!»

«መኪናው ገና ግማሽ ነው። እኚህ መምህር ምን ይሉኛል?»

«ዴስኩ ገደል ይግባ!» አልኩ።

«ወይስ ልጅዎን ቀብረው ይጨርሱላቸው?» አለች እሷ።

አለቃው ሻሹን ፈቱት። «የኔም ሲነሳብኝ እፈራ ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ለማን ልናገር?» ልጃቸውን ደግፈው ግማሽ የተጫነው መኪና ላይ አወጡት።

እውነትም ደም ፈስሶ ነበር፤ ግን በጊዜ ተደረሰለት። አለቃውም ተመረመሩ፤ የተደበቀ በሽታ አልተገኘባቸውም። ሐኪሙ ከሥራ በፊት ሰውነትን ማፍታታት፣ በቀላል ጭነት መጀመር፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት፣ ሙቀት ሲበረታ ማረፍ፣ ሲያነሱም መተንፈስ እንደሚገባ መከራቸው።

ከሳምንታት በኋላ የቀሩትን ዴስኮች ልወስድ ስመለስ በሩ ላይ የውሃ በርሜል ቆሟል። ልጁ ከስቶ ጥላ ስር ተቀምጧል። ላግዝ ብዬ አንዱን ዴስክ ብድግ ሳደርግ የአለቃው ጩኸት አስደነገጠኝ።

«መምህር! ትንፋሽዎን ያውጡ እንጂ! አንዱን ከሞት አፍ ያወጣሁት አይበቃኝም?»