ጋሽ ዝርዝርና ኮከቧ

የዚያን ዕለት ጠዋት ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ ይሄ ወሬ ባልተወራ ነበር። ሊፍቱ ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ተበላሸ። ጋሽ ዝርዝር በአንድ እጃቸው ሻይ፣ በሌላው አንድ እቅፍ ወረቀት ይዘው እያለከለኩ ደረጃውን ሲወጡ አዲሷ ሠራተኛ ከላይ እየከነፈች መጣችና ተላተሙ። ሻዩን ደረጃው ጠጣው። ወረቀቱም እስከ ምድር ቤት ተበተነ።

«ውይ ጋሼ! በሞቴ አይቆጡኝ!»

«አትንቀሳቀሺ! መስመር አርባ ሦስት እግርሽ ሥር ነው!»

ልጅቷ እግሯን አንስታ ወረቀቱን ብታየው ከላይ እስከ ታች የፋይል ስም ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ስም ጎን በእርሳስ ጭረት ተደርጓል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የዘጠኝ ዓመት ልፋቴ ነው» አሉ ተንበርክከው እየለቀሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ተሳፋሪ አውቶቡሱ የት እንደደረሰ በስልኩ የሚያይበት ፕሮግራም ይሠራል። ለእያንዳንዱ አውቶቡስ መስመር አንድ ፋይል አለው። ማሽኑ ፕሮግራሙን ሲገጣጥም አንድ የትእዛዝ ፋይል ያነባል፤ እዚያ ላይ ስሙ የተጻፈውን ይወስዳል፣ ያልተጻፈውን ዞር ብሎም አያየው። ያንን ስም አንድ በአንድ በጣታቸው የሚጽፉት፣ አትመውም በእርሳስ የሚጭሩት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ዝርዝር የሚለው ቅጽል ስምም ከዚህ መጣ። ከኋላቸው ሲጠሯቸው ያልሰሙ ይመስላሉ እንጂ ደስ ይላቸዋል።

ዛሬ አስራ ሁለት መስመር ተጨምሮ አዲሱ ፕሮግራም መውጣት አለበት። ዛሬውኑ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻ ልጃቸው በነርስነት ትመረቃለች። ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ እሳቸው ቢሮ ተቀምጠው ሲጭሩ ነበር። የዘንድሮውን ላይቀሩ በራሷ ምለውላታል። የእርሳሱ ሥራ ግን እስከ አስራ አንድ ሰዓት ያስኬዳል።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ቢሯቸው ድረስ ወረቀቱን ተሸክማላቸው ስትሄድ አወጣጣቻቸው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልናገር። ይሄን ሁሉ ስም ለምን ይጽፋሉ? አንድ ኮከብ፣ ይቺ * የምትባለዋ ምልክት፣ አትበቃም?»

ጋሽ ዝርዝር ኮከብ የሚለውን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ካወለቁ ነገር አለ ማለት ነው።

«ልጄ፣ ስለ ኮከብ ለእኔ አታውሪኝ። ከአንቺ በፊት አንድ ፈጣን ነኝ ባይ ነበር። የእኔን ዝርዝር ጠርጎ አንዲት ኮከብ አስቀመጠ፤ ‹ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ውሰድ› ማለት ነው። ጸሐፊያችን ደግሞ የድመቷን ፎቶ እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጣ ኖሯል። ድመቷ፣ አንገቷ ላይ ሪባን ያሰረች፣ በሺህ ሰው ስልክ ገባች! ሰው አውቶቡስ የት ደረሰ ብሎ ሲከፍት ድመት ታዛጋበታለች። አለቃ ዘንድ ቀርቤ ስለ ድመት መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ!»

ልጅቷ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እሳቸውም ሊቆጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እሱማ ኮከቧን ያለአግባብ ተጠቀመባት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «በሩን ወለል አድርጎ ማንም ይግባ አለ። እኛ እንደዚያ አንልም። ኮከቧ ማለት ‹እዚህ ቦታ ላይ ምንም ይጻፍ ምንም ግድ የለኝም› ማለት ናት፤ ከፊቷና ከኋላዋ ያለው ግን ግድ ይለናል። ይኸውልዎ፣ እንዲህ ነው የምንጽፈው።»

ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው፦ መስመር-*.ካርታ

«በ‹መስመር› የሚጀምር፣ በ‹ካርታ› የሚያልቅ። መሐሉ አስራ ሁለትም ይሁን ዘጠና። ድመቷ በ‹መስመር› ትጀምራለች?»

«አትጀምርም።»

«በ‹ካርታ› ታልቃለች?»

«በጅራት ነው የምታልቀው።»

«እንግዲያው ውጭ ቀረች።»

ጋሽ ዝርዝር ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ዘጠኝ ዓመት የለፉበት ነገር በአንዲት መስመር ጽሑፍ ተጠቅልሏል። ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«ጥሩ። እኔ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ፤ እያንዳንዱን በስሙ። የአንቺ ኮከብ ምን እንዳፈሰች በምን አውቃለሁ? በጨለማ ከረጢት እንደ መቀበል ነው።»

«እውነትዎን ነው፤ ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ማሽኑ ከመገጣጠሙ በፊት የያዘውን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲያሳየን የምናዘው። እርስዎ ማንበቡን አይተዉም ጋሼ፤ መጻፉን ብቻ ነው የሚተዉት። የእርስዎ ዓይን ደግሞ ከጣትዎ የበለጠ ዋጋ አለው።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ልባቸው ገባች። «በይ አምጫት፣ እንወዳደር» አሉ እጅጌያቸውን ሰብስበው።

አዲሶቹን አስራ ሁለት በሩጫ ጨመሩ። የእሳቸው ዝርዝር ሰማንያ ስድስት ሆነ። ልጅቷ ኮከቧን ለማሽኑ ሰጠች። ሰማንያ ዘጠኝ!

ጋሽ ዝርዝር ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ። «አላልኩሽም! ሦስት ትርፍ ዋጠች! አሁንስ ድመት ናት ዝንጀሮ?»

«እስቲ ማንነታቸውን እንያቸው።»

ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀመጡ። የመጀመሪያው ትርፍ ‹መስመር-12-የድሮ.ካርታ› ነበር።

«እሱን አውቄ ነው የተውኩት! አውቶቡሱ መንገድ ከቀየረ ቆየ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«በዚህ አሸንፈውኛል» አለች ልጅቷ፣ ሳታቅማማ። «ስለዚህ አንድ ቃል እንጨምራለን፦ ‹የድሮ› ያለበትን ተወው። ከዛሬ ጀምሮ አሮጌ ፋይል ሁሉ ‹የድሮ› ተብሎ ይሰየማል። ኮከቧ የምትሠራው ስም በሥርዓት ሲሰጥ ብቻ ነው።»

ሁለተኛው ትርፍ መስመር ሰባ አራት ሆነ። ሦስተኛው መስመር ስልሳ አንድ። ሁለቱም ባለፈው ወር የተከፈቱ እውነተኛ መስመሮች ናቸው። ከዝርዝራቸው ጠፍተዋል። በቃ፣ ተረስተዋል።

ጋሽ ዝርዝር ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስልሳ አንድ ባለቤታቸው በየቀኑ ወደ ስፌት ቤቷ የምትሄድበት አውቶቡስ ነው። ወር ሙሉ «የእኔ አውቶቡስ እዚህ ስልክ ላይ የለም» እያለች ስትነዘንዛቸው እሳቸው ምን ሲሉ ነበር? «ስልክሽ አርጅቷል። አጥፍተሽ አብሪው።» ምስኪኗ ወር ሙሉ ስታጠፋና ስታበራ!

«አንቺ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ኮከቧን ጻፊያት።»

«እርስዎ ይጻፏት። በእርስዎ እጅ ነው የምታምረው።»

ጻፏት። ከዚያ ማሽኑ ያወጣውን ሰማንያ ስምንት ስም በዓይናቸው አንድ በአንድ ወረዱበት፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ፕሮግራሙ ተገጠመ፣ ተሞከረ፣ ወጣ። ሰዓቱ ገና ስድስት ተኩል ነው። ጋሽ ዝርዝር ኮታቸውን አነሱ፤ መሥሪያ ቤቱ በዚህ ሰዓት ኮት ሲያነሱ አይቷቸው ስለማያውቅ ጸሐፊዋ አሟቸዋል ብላ ውሃ ይዛ ሮጠች።

በስልሳ አንድ ሄዱ። ስልካቸው ላይ አውቶቡሱ እንደ ጉንዳን ሲጓዝ እያዩ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰውዬ ደጋግመው አሳዩት። ሰውዬው መውረጃው ሳይደርስ ወረደ ይባላል።

የአዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«ስምዎ የለም አባቴ።»

«እንዴት አይኖርም? አባቷ ነኝ!»

«እናት አለች፣ አክስት አለች፣ ሁለት ወንድም አለ፣ ጎረቤት እንኳን አለ። አባት የለም።»

ባለቤታቸው ናት ያስመዘገበችው። እንደማይመጡ ስለምታውቅ ዘለለቻቸው። ጋሽ ዝርዝር በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዝርዝር ውስጥ መረሳት ምን እንደሚመስል ገባቸው።

«ወንድሜ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ይሄ አንድ በአንድ እየጻፉ ማስገባት ሰው ያስቀራል። ለምን ‹የተመራቂ ቤተሰብ ይግባ› አትሉም?»

«ማንም ተነስቶ ቤተሰብ ነኝ ቢለኝስ? በሩን ልክፈተው?»

የጠዋቱን የራሳቸውን ስጋት ሰሙት፤ ሳቃቸው መጣ። «በሩን አትክፈተው፤ የሚገባው ሰው ስም ምን እንደሚመስል ብቻ ወስን። የተመራቂዎቹን ስም ይዘሃል? የልጄን ስም አንብብ። ከእሷ ስም ቀጥሎ ያለውስ? አሁን መታወቂያዬን እይ። ከፊት የማንም ስም ይሁን፣ ከኋላው ግን የእኔ ስም ካለ እኔ አባት ነኝ።»

ዘበኛው ወረቀቱን አየ፣ መታወቂያውን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን። «ይሄስ ብልሃት ነው! ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን አባት መለስኩ መሰለዎት! ይግቡ፣ ይግቡ አባቴ።» ከዚያም ወደ ግቢው ዞሮ ጮኸ፦ «የተመለሳችሁ አባቶች! መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ!»

ባለቤታቸው ስታያቸው የሞተ ሰው የተነሳ መሰላት። «ወንበር አልያዝኩልህም እኮ! ደግሞ ሰምተሃል፣ ስልኬ ዛሬ ዳነ። ስልሳ አንድ መጣ!»

«ስልክሽ አልታመመም። የታመምኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ቆመውም በሹክሹክታ ሰበኩ፦ ነገ አዲስ መስመር ሲመጣ ማንም ማንንም ሳያስታውስ ራሱ እንደሚገባ፣ ትእዛዙ አጭር ስለሆነ ሌላም ሰው ሊያነበው እንደሚችል፣ እሳቸው ቢታመሙ ወይ ዕረፍት ቢወጡ ሥራው እንደማይቆም።

«ዕረፍት አልክ?» አለች ባለቤታቸው። «ድገመው እስቲ።»

ሊደግሙት ሲሉ መድረኩ ላይ የልጃቸው ስም ተጠራ፤ ተከትሎም የእሳቸው። ልጃቸው ወረቀቷን ተቀብላ እንደ ልማዷ ወደ እናቷ ብቻ ዓይኗን ወረወረች። ከዚያ ግድግዳው ጋ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚዘል አንድ ትልቅ ሰውዬ አየች።