ጥንቸል ወይስ ሞስ?

ድሬ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንዴ ፈተና ላይ «አንድ የጥንቸል ዝርያና አንድ የሞስ ዝርያ ሊጠፉ ቢቃረቡ፣ ቀድመን የምንደርሰው ለየትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሞስ ያ እርጥብ ድንጋይ ላይ ምንጣፍ መስሎ የሚበቅለው አረንጓዴ ተክል ነው። ሁሉም ጥንቸል አሉ፤ እኔም የጠበቅኩት እሱን ነበር። ከገጠር፣ ከዋሂል የመጣችው ፈቲያ ብቻ «ለሞሱ፤ ጥንቸል ትሮጣለች» ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግኩባት።

ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«ይሄ ምክንያት ነው እንዴ?»

«ቅዳሜ ዋሂል ይምጡና አባቴን ይጠይቁት» አለችኝ። ድፍረቷ ገርሞኝ ሄድኩ።

አባቷ ፍየል አርቢ ናቸው። ወደ አንዲት ትንሽ ምንጭ ወሰዱኝ። ዳር ዳሩን ያሉትን ድንጋዮች በእሾህ አጥረዋቸዋል፤ ድንጋዮቹ ሞስ ለብሰዋል። በዚያ ሙቀት እጄን ሳስቀምጥበት ቀዘቀዘኝ።

«አቦ መምህር፣ ጥንቸል ውሻ ሲመጣባት ትሮጣለች። ይሄ ፍየል ሲመጣበት የት ይሂድ? እግር የሌለውንማ ጎረቤቱ ነው የሚጠብቀው» አሉኝ።

አብራን ከመጣችው ከፈቲያ ወረቀቷን ተቀበልኩ። እዚያው እስክሪብቶ አውጥቼ ኤክሱን ሰረዝኩና ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

ፈቲያ ግን «ጓደኞቼ ላይ እንዳይቀንሱባቸው፤ እነሱ ይሄን ቦታ አላዩትም» አለች።

እውነቷን ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉን በሙሉ ይዤ ሄድኩ። አባቷ የእሾሁ አጥር መግቢያ ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ልክ መስጊድ እንደሚገባ ሰው ሁላችንንም ጫማ አስወልቀው አስገቡን።